የኋላው ጓድ መቼ ነው የሚለቀው

ኮልፌ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1956 ዓ.ም.

ሻምበል ወልደሰንበት ሆይ፣

ጤናህን እጠይቃለሁ። የእኔን ብትል ጉልበቴ እንደ ወትሮው ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ የቀረው ደህና ነው። አሁን ወደ ሥራችን እንግባ።

የመመሪያው ረቂቅ በአቶ ዩሱፍ የፖስታ ሣጥን በኩል ደርሶኛል። በሁለት ፖስታ አሽገህ በቀይ ቀለም «ምስጢር» ብለህ ጽፈህበታል። ዩሱፍ ቀዩን ጽሑፍ ሲያይ ሱቁን ዘግቶ በሁለት እጁ ይዞ አመጣልኝ፤ ከአጠና ተራ እስከ ደጄ ድረስም ሥራ የፈታ ሁሉ አጀበው። ከፍቼ ባነብበው «ከፍ ያለ ቦታ የያዘ ጠላት ዝቅ ያለውን ያያል» ይላል። ይህን ከማን ልትደብቅ እንዳሰብህ አላውቅም።

ሥራው ምን እንደሆነ ጽፈህልኛል። ጦሩ በእንግሊዝኛ ያለውን የውጊያ መመሪያ ወደ አማርኛ መልሶ ለየሻምበሉ ሊያድል ነው፤ ሻለቃህ ትርጉሙን ለአንተ ሰጥቶሃል፤ አንተ ደግሞ ጦር የተማርኸው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አማርኛህን እኔ ላቃናልህ። የመረጥኸኝ ስለ ጦር የማውቀው ኖሮ ሳይሆን ያሳደግሁህ አክስትህ ስለሆንሁና ለሌላ ሰው ማሳየት ስላፈርህ ነው። ይሁን። እኔን ያስተማሩኝ የፈረንሳይ መነኮሳት ከዋናው ጋር ያልተያየ ጽሑፍ ተቃና አይባልም ይሉ ነበር። እንግሊዝኛውን አብረህ መላክህ ስለዚህ ደግ ነው። መዝገበ ቃላቴን ይዤ መስመር በመስመር አስተያየሁት።

ስለ ማጥቃት የጻፍኸው ይነበባል። ስለ መከላከል የጻፍኸው ረዝሟል፤ አንዱን ምሽግ ደጋግመህ ትቆፍረዋለህ። ያሳሰበኝ ስለ ማፈግፈግ የጻፍኸው ነው። እንግሊዝኛው ላይ፣ ትእዛዝ የተቀበለ ሁሉ የታዘዘውን በራሱ ቃል ለአዛዡ መልሶ ይንገር፣ ይህ ሳይሆን ማንም ከቦታው አይንቀሳቀስ የሚል አንቀጽ አለ። በአንተ አማርኛ ውስጥ የለም። ገጽ ወድቆ እንደሆነ ብዬ ፖስታውን አራግፌ አየሁ። ረስተኸው እንደሆነ ጻፍና ላክልኝ፤ ሆን ብለህ ትተኸው እንደሆነ ምክንያቱን ልስማ።

ጎረቤቴ ብርቅዬ ሰላም ብላሃለች። ልጇ ሃምሳ አለቃ ፈቀደ አንተ ሻምበል ውስጥ ከገባ ወዲህ ወሬው በእኔ በኩል እንዲመጣላት ትጠብቃለች። ፈቀደ እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ፊደል የቆጠረ ልጅ ነው፤ አልገባኝም ማለት ሞቱ ነው። ስለዚህ «ደህና ነህ?» ብለህ ጠይቀህ እንዳትጽፍልኝ። ሄደህ እየው።

አክስትህ ተናኘ



ከጠረፍ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ ለወይዘሮ ተናኘ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ምንም አልሆንሁም፣ አምላክ ይመስገን። ስለ ጉልበትዎ እጅግ አስባለሁ። ስለ ጣሪያውም ለአቶ ዩሱፍ ጽፌያለሁ፤ ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ይልኩልዎታል።

አንቀጹን የተውሁት ሆን ብዬ ነው። መጀመሪያ ተርጉሜው ነበር። ሻለቃው አንብበው ሣቁ። መኮንን የተናገረውን ወታደር መልሶ የሚነግረው ወይ ሊያፌዝበት ነው ወይ ሊጠራጠረው ነው አሉኝ። እኔም ዝም ብዬ አልተቀበልኋቸውም፤ ሞክሬው ነበር። በሻምበሌ ውስጥ ሁሉም «አባ» የሚሉት አንድ ሽማግሌ አሥር አለቃ አለ። አንድ ነገር አዝዤው እስቲ ያልሁህን መልስልኝ ብለው ፊቱ ተለወጠ። ያልሁትን አንድ ቃል ሳይስት እንደ ዳዊት በቃሉ ወጣው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቀና ብሎ አያየኝም። ሻምበል እንደ ሕፃን ፈተነኝ ብሎ ለጓደኞቹ ማዘኑን ሰማሁ።

እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በእኛ አገር ትልቅ ሰው የተናገረውን ሰሚ መልሶ አይጠይቅም፤ ትልቅ ሰውም ሰሚውን በሰው ፊት አይፈትንም። ፈረንጆቹ ይህ ይሉኝታ ስለሌለባቸው ጻፉት። ደግሞም አልደብቅዎትም፣ በዚህ ዓመት ለሻለቅነት ስሜ ይቀርባል፤ አስተያየት የሚሰጡት ሻለቃው ናቸው። ስለዚህ አንቀጹን መልሰው እንዳይጽፉብኝ እለምንዎታለሁ።

ፈቀደ ደህና ነው። ጠይቄው «ደህና ነኝ ጌታዬ» ብሎኛል።

ልጅዎ ወልደሰንበት



ኮልፌ፣ ኅዳር 16 ቀን 1956 ዓ.ም.

ወልደሰንበት፣

አሥር አለቃው አንድ ቃል ሳይስት ወጣው ብለህ እንደ ቁም ነገር ትጽፍልኛለህ። ቃል ሳይስት የሚወጣማ በቀቀንም አለ። እንግሊዝኛው የሚለው «በራሱ ቃል» ነው። አንተ ሰውየውን ቃልህን አስደገምኸው እንጂ አልሰማኸውም።

በደብዳቤ ከምከራከርህ እዚሁ ኮልፌ ላይ ብሞክረው ይሻላል ብዬ ቅዳሜ ጦር አሰለፍሁ። ጦሬ ግቢ ጠባቂዬ ጉታ፣ ብርቅዬና እኔ ነን። ብርቅዬ የምትነግደውን ቅቤ ከዩሱፍ ሱቅ ወደ ቤቷ እናግዛለን፤ ጉታ ሱቁ በር ላይ ሆኖ የኋላ ጓድ ይሆናል። ከመጽሐፍህ ላይ እንዳለ አነበብሁለት፦ «ሽፋን የሚሰጠው የኋላ ጓድ፣ ዋናው ኃይል ከሚቀጥለው ስፍራ መድረሱን ካረጋገጠ በኋላ ቦታውን ይለቃል።» ዋናው ኃይል ብርቅዬና እኔ መሆናችንን፣ የሚቀጥለው ስፍራ ቤት መሆኑን አስረዳሁት። ገባህ ወይ አልሁት። ቆቡን አውልቆ ገብቶኛል አለኝ።

ሄድን፣ ደረስን፣ ቅቤውን አስገባን፣ ምሳ በላን። ጉታ የለም። ወደ ማታ ዩሱፍ ሱቁን ሲዘጋ እጁን ይዞ አመጣው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ዩሱፍ ጥላ ሥር ግባ ብሎ ቢለምነው ሥራ ላይ ነኝ ብሎታል። ለምን አልመጣህም ብለው፣ ከሱቁ በር ቤታችን አይታይም፣ መድረሳችንን ማን ነግሮኝ ላረጋግጥ አለኝ። እውነቱን ነው። ታዲያ ይህን መጀመሪያውኑ ለምን አልጠየቅኸኝም አልሁት።

«እትዬን ልጠይቅ?» አለኝ። ደነገጠ እኮ። ቤተ መቅደስ ውስጥ አፏጭ ያልሁት ይመስል።

ዩሱፍ እስኪያለቅስ ሣቀ። እኔን አላሣቀኝም።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ሌላ ዘዴ ሞከርሁ። ሌላ ትእዛዝ ነገርሁትና ገባህ ወይ አላልሁትም። «ጉታ፣ እርጅና ነው፣ ንግግሬ ይምታታብኛል፤ በደንብ ተናግሬ እንደሆነ እስቲ ልስማው» አልሁት። ጉታ ተቀመጠ፣ አሰበ፣ ከዚያ ነገሩን በራሱ አማርኛ እየመለሰ እዚህ ጋ አልነገሩኝም፣ እዚያ ጋ ሁለት መንገድ ነው የጠቆሙኝ እያለ አረመኝ። ምንም አላፈረም። የተፈተነው እሱ አይደለማ።

አንቀጹን በዚህ መንገድ ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። አዛዡ ትእዛዙን ከሰጠ በኋላ በደንብ ተናግሬ እንደሆነ ልስማው ይበል፤ ታዛዡም በራሱ ቃል ይንገረው። ውርደት ካለበት በአዛዡ ላይ ይውደቅ፣ ትከሻው ላይ ኮከብ የተሰፋለት ለዚያ ነው። ሻለቃህ ይህንንም ካልወደደ የሚፈራው የወታደሩን ስሕተት ሳይሆን የራሱን ነው ማለት ነው።

ሹመት መልካም ነገር ነው። አልናቅሁብህም። ግን አንቀጹ ይግባ።

ተናኘ



ኮልፌ፣ ጥር 3 ቀን 1956 ዓ.ም.

ወልደሰንበት፣

ለገና የላክኸው ደብዳቤ ለጠየቅሁህ ሁሉ መልሶ ስለ አንዱ ብቻ ዝም ሲል ነገሩ ሸቶኝ ነበር። ዛሬ መጽሐፉ ታትሞ መጣና አረጋገጥሁ። አረንጓዴ ሽፋን አለው። ለሻለቃው ምስጋና አለው። አንቀጹ የለውም።

የኋላው ጓድ ነገር ግን ጉታን ፀሐይ ላይ ካቆመው ቃል አንድ ሳይቀነስ ታትሟል። የባሰው ደግሞ ፊት ለፊቱ ባለው ገጽ ላይ «ዘብ ተተኪው ሳይመጣ ቦታውን አይለቅም» ብለህ በደማቅ ማሳተምህ ነው። አንድ ቦታ ቆመህ ጠብቅ የተባለ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያነብብ፣ እሱን የሚመለከተው የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል? ዘብ ነው ወይስ የኋላ ጓድ? እኔ ተቀምጬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ማንም ሳይተኩስብኝ ሁለት ጊዜ ማንበብ አስፈልጎኛል።

ሻለቃው ስለ ቆረጠው ምን ማድረግ እችል ነበር እንደምትለኝ አውቃለሁ። አሁን የምትችለውን ልንገርህ። ለዚህ ማተሚያ ቤት አያስፈልግህም። የሻምበልህ አዛዥ አንተ ነህ፤ በአፍህ አድርገው። ትእዛዝ በሰጠህ ቁጥር በደንብ ተናግሬ እንደሆነ ልስማው በል። ለሁሉም ማድረግ ካቃተህ ለእነ ፈቀደ አድርገው። እንደ ፈቀደ ያለ ሰው ገብቶኛል ሲልህ የነገረህ ጨዋነቱን ብቻ ነው።

ለዚህ ደብዳቤ እሺ የሚል መልስ እንዳትልክልኝ። እንዴት እንደምታደርገው ጽፈህ ላክልኝ።

ተናኘ



ከጠረፍ፣ ጥር 21 ቀን 1956 ዓ.ም.

የማከብርዎት አክስቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ቆርቆሮ መቺው መጣልዎት ወይ? እኛ ጋ ሙቀቱ በርትቷል።

ስለዚያ ነገር የጻፉልኝን ተቀብያለሁ፤ እሺ፣ አደርገዋለሁ። ብቻ ሻለቃው ሰሞኑን ከእኔ ሻምበል ጋር ስለሆኑ እሳቸው ወደ ሌላው ሻምበል ሲሄዱ ብጀምረው ይሻላል ብዬ ነው። ከዚህ ስፍራ ልንነሣ ነው። ወዴት እንደሆነ መጻፍ አይፈቀድልኝም፤ ደብዳቤ ቢዘገይ እንዳይሰጉ።

ለወይዘሮ ብርቅዬ የምሥራች ይበሉልኝ። ፈቀደ የጓድ አዛዥ ሆኗል።

ልጅዎ ወልደሰንበት



ኮልፌ፣ የካቲት 14 ቀን 1956 ዓ.ም.

ወልደሰንበት፣

እሺ አትበለኝ ብዬህ እሺ አልኸኝ። ቆይተን እንተያያለን።

የምሥራቹን ለብርቅዬ ነገርኋት። እልል ትላለች ብዬ ነበር። የጓድ አዛዥ ከፊት ነው የሚሆነው ወይስ ከኋላ ብላ ጠየቀችኝ። እንደ ትእዛዙ ነው አልኋት፤ ከመጽሐፍህ ያገኘሁት መልስ ይህ ብቻ ነበር።

ጠረፍ ላይ ውጊያ መጀመሩን ከሬዲዮ ሰምተናል። ዩሱፍ ሬዲዮውን ሱቁ መስኮት ላይ አውጥቶታል፤ ሚስቱ ሀያቱ ለሽማግሌዎቹ በርጩማ ታወጣለች። ሬዲዮው ጀግናው ጦራችን ይላል፣ ጀግናው ጦራችን የት እንዳለ አይልም። ጠላት ተደመሰሰ ይላል፣ በማግስቱ ያው ጠላት እንደገና ይደመሰሳል። ተማሪዬ እንዲህ ያለ ድርሰት ቢያመጣልኝ መልሼ እሰጠው ነበር። ብርቅዬ ከሁሉ ኋላ ቆማ ታዳምጣለች። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞራ ምን አለ ትለኛለች።

ሁለት መስመር ጻፍ። ስለ ሙቀቱ አይደለም።

ተናኘ



ከጠረፍ፣ መጋቢት 4 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለምወድዎት፣ ለማከብርዎት፣ እንደ እናትም እንደ አባትም ሆነው ላሳደጉኝ ለአክስቴ ለወይዘሮ ተናኘ፣

ለመሆኑ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ? ጣሪያው ተሠራ ወይ? አቶ ዩሱፍ ከነቤተሰባቸው፣ ጉታም እንደምን አሉ? ጾሙ አልከበደዎትም ወይ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ምንም አልነካኝም። ሥፍራችንም አሁን ጸጥ ብሏል፤ አየሩም ቀዝቀዝ ብሏል። በእርስዎ ጸሎት ፍጹም ደህና መሆኔን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ፈቀደ በሕይወት አለ። እግሩን ስለ ተመታ ሐኪም ቤት ነው፤ ይድናል ብለዋል። ጉዳዩ ገና በመጣራት ላይ ስለሆነ ለወይዘሮ ብርቅዬ ለጊዜው ባይነግሯቸው ደስ ይለኛል።

እጅ ነሥቼ፣ ልጅዎ ወልደሰንበት



ኮልፌ፣ መጋቢት 12 ቀን 1956 ዓ.ም.

ወልደሰንበት፣

የቆሰለ ሰው ይታከማል እንጂ አይጣራም። የምን ጉዳይ ነው?

ደብዳቤ መምጣቱን ዩሱፍ እኔ ሳልከፍተው ለብርቅዬ ነግሯታል፤ መጥታ ፊቴ ተቀመጠች። ሰላምታውን ጮክ ብዬ አነበብሁላትና ወረቀቱን አጠፍሁት። የዛሬው ሰላምታ ረጅም ነው አለችና ሄደች። አንተ ከዚህ በኋላ ሰው የሚታለል ይመስልሃል።

በመጽሐፍህ ላይ፣ ሪፖርት የሚያቀርብ ሰው ምን ታዘዘ፣ ምን ተደረገ፣ አሁን ምን ላይ ነን የሚለውን በቅደም ተከተል ይናገር ብለህ ጽፈሃል። ያቃናሁልህ እኔ ነኝ፣ በደንብ አስታውሰዋለሁ። እንደዚያ አድርገህ ጻፍልኝ። ፈቀደን ምን አዘዝኸው? ምን ብሎ መለሰልህ? ምን ሆነ? አሁን ማን ነው የሚያጣራው፣ ምንስ ብሎ?

ከጉልበቴ ጀምረህ እንዳትጽፍ።

ተናኘ



ከጠረፍ፣ መጋቢት 25 ቀን 1956 ዓ.ም.

አክስቴ፣

ያለ ሰላምታ እጽፋለሁ።

ኮረብታ ይዘን ነበር። ከቀትር በኋላ፣ ለቃችሁ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ያለውን ኮረብታ ያዙ የሚል ትእዛዝ መጣልን። ፈቀደን ጠርቼ ከጓዱ ጋር የኋላ ሽፋን እንዲሆን አዘዝሁት። የነገርሁት መጽሐፉ ላይ ያለውን ነው። ሻለቃው አጠገቤ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ገባህ አልሁት። «ገብቶኛል ጌታዬ» አለኝ። እርስዎ ያስተማሩኝ ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ሻለቃውን አየሁና ዋጥሁት።

ወንዙን ተሻግረን ማዶውን ያዝን። የፈቀደ ጓድ አልተከተለንም። ሰው ልላክበት ብል ሻለቃው ትእዛዙን ያውቃል፣ ይመጣል አሉ። በዚያ ኮረብታ ላይ ተኩሱ ሲበረታ ተቀምጠን ሰማን። ሊመሽ ሲል የተረፉት ሰዎቹ ፈቀደን ተሸክመው መጡ። ከሰዎቹ ረሻድና ሽብሩ ሞተዋል። ለምን አልለቀቅህም ብዬ ጠየቅሁት። የሚተካኝ ሰው እስኪመጣ ስጠብቅ ነበር አለኝ። ራሱን ዘብ አድርጎ ነው የቆጠረው።

ሻለቃው በሪፖርታቸው ላይ ሃምሳ አለቃ ፈቀደ የማፈግፈግ ትእዛዝ ተላልፎ ሁለት ሰው አስገደለ ብለው ጻፉ። አጣሪ ኮሚቴ ተቀምጧል። ጥፋተኛ ከተባለ ማዕረጉ ይገፈፋል፣ ይታሰራል። በመጀመሪያው ቀን ትእዛዙ ግልጽ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት። «ግልጽ ነበር። ሻምበል በደንብ ነግረውኛል» ብሎ መለሰ። እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ምንም አልተናገርሁም። ስንወጣ በምርኩዙ ተደግፎ ቆመና ሰላምታ ሰጠኝ።

የእኔን ቃል የሚቀበሉት ከፋሲካ በኋላ ነው። ምን ልበል?

ወልደሰንበት



ኮልፌ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1956 ዓ.ም.

ወልደሰንበት፣

ምን ልበል ትለኛለህ። የሆነውን ነዋ። ለእኔ ጽፈኸው የለም?

ሁለታችሁም አቃጠላችሁኝ። አንዱ ያልገባውን ገባኝ ብሎ ተራራ ላይ ይቀራል፤ እንደገና ሲጠይቁት አለቃዬ እንዳይዋረድብኝ ብሎ ግልጽ ነበር ይላል። ሌላው ይህ ውሸት ለእሱ ክብር የተዋሸ መሆኑን እያወቀ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ኮሚቴው የፈቀደን ጨዋነት እውነት መስሎት በዚያ ይፈርድበታል። አለመሆኑን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ሻለቃህ እንኳ አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው ሰዓት ስንት እንደነበር ነው።

ለብርቅዬ ነገርኋት። አትንገሪ ብለኸኝ ነበር፤ አልታዘዝሁህም። አስጠርቼ ከአጠገቤ አስቀመጥኋትና ሽፋን፣ ዋናው ኃይል፣ አጣሪ ኮሚቴ እያልሁ አስረዳኋት። የነጠላዋን ጫፍ እየፈተለች እስከ መጨረሻው ሰማችኝና እሺ እትዬ አለች። ልትነሣ ስትል ከነገርኋት ውስጥ ምኑ እንደ ገባት አለማወቄ ገባኝ። በደንብ ተናግሬ እንደሆነ ልስማው አልኋት። ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«ልጄን ከኋላ ትቶት ሄደ። ቀርቷል ሲባል አልተመለሰለትም። አሁን ደግሞ ለምን ቆየህ ብሎ ሊያሳስረው ነው።»

የሚታረም ነገር ፈለግሁበት። አላገኘሁም።

ኮሚቴው ፊት ስትቆም ከዚህ ባልረዘመ ቃል ተናገር። ትእዛዙን የሰጠኸው አንተ መሆንህን፣ መልሶ እንዲነግርህ አለማድረግህን፣ እንግሊዝኛው እንድታደርግ ያዝዝህ እንደነበር፣ አንቀጹን ከአማርኛው ውስጥ ያወጣህ እጅ የአንተ መሆኑን ንገራቸው። «ሻለቃው ስላዘዙኝ» ብለህ ጀምረህ እንደሆነ ቀድደህ እንደገና ጀምር። የሻለቃውን ሻለቃው ይናገር።

ሹመቱ ይቀርብሃል። አውቃለሁ። ይቅር። የፈቀደ እናት ግን ከእኔ ግቢ አጥር ማዶ ነው የምትኖረው፤ አንድ ልጅ ነው ያላት፤ በየቀኑ እንተያያለን። ይህን ካላደረግህ ደብዳቤ አትጻፍልኝ። የአንተን ሰላምታ በእሷ ፊት ማንበብ አልችልም።

አክስትህ ተናኘ



ኮልፌ፣ ግንቦት 28 ቀን 1956 ዓ.ም.

ልጄ ወልደሰንበት፣

ደብዳቤህና ለኮሚቴው የሰጠኸው ቃል ግልባጭ ደርሰውኛል። ሁለት ቦታ ላይ «ምናልባት» ብለሃል፤ አያስፈልግም ነበር። የቀረው ይነበባል።

ስምህ ከሹመቱ መውጣቱንና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት መዛወርህን አየሁ። እንኳን ደስ ያለህ አልልህም፣ አዘንሁልህም አልልህም። ሻለቃህ አንቀጹ እንዲገባ ለጠየቁት መኮንኖች ይጠናል ብሎ መመለሱ ደግሞ ምንም አልገረመኝም። ያጥና። ጊዜ አለው፣ ሰዓትም አለው።

ፈቀደ ነጻ ተብሎ፣ ማዕረጉን እንደያዘ፣ ለሕክምና ዕረፍት ማክሰኞ ገባ። ግራ እግሩ እንደ ድሮው አይሆንም። ብርቅዬ በር ላይ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ ክንዱን ይዛ አስገባችውና እግሩን አጠበችው። እኔ ጋ የመጣው በማግስቱ ነው። ተቀመጥ ብለው እሺ ብሎ ቆሞ ቀረ። ኮሚቴው ፊት ለምን እንዲያ እንዳልህ ንገረኝ አልሁት። «ሻምበልን ሰው ፊት ላዋርዳቸው እትዬ?» አለኝ። ይባስ ብሎ አንተ ተነሥተህ እውነቱን ስትናገር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብሎ እንደነበር፣ በእኔ ምክንያት ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ ብሎ እስካሁን እንደሚቆጨው ነገረኝ። በገዛ ምርኩዙ ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ሊሄድ ተነሥቶ በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። እዚህ ግቢ ውስጥ ፊደል ከቆጠረ ጀምሮ ይህ ልጅ አንድም ቀን አንድ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም።

«እትዬ፣ ለእነ ረሻድ ቤት ምን ብለው ነገሯቸው?»

አላውቅም አልሁት። ዩሱፍ የረሻድን እናት ያውቃቸዋል፣ ከዘነበወርቅ በታች ነው ቤታቸው። ሐሙስ ከእሱ ጋር ሄድሁ። ከውጊያው በኋላ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ መጥቶ አንብቦላቸዋል። ወረቀቱ የተጻፈው ከሻለቃህ የመጀመሪያ ሪፖርት ነው። ልጃቸው የሞተው የጓዱ አዛዥ ትእዛዝ ስለ ተላለፈ ነው ይላል። ሴትየዋ እሺ ብለው ተቀብለውታል፤ ሰውየውም ሄዷል። ከዚያ ወዲህ የመጣ የለም። የሽብሩ ሚስት ጅማ ናት፤ ለእሷም ያው ወረቀት ተነብቦላት ይሆናል። ለረሻድ እናት እዚያው ልነግራቸው አፌን ከፈትሁና ዘጋሁት። እኔ የዚያን ቀን አልነበርሁም። የእኔ ቃል አይደለም።

ከሰኔ ጀምሮ ፈቃድ እንዳለህ ጽፈሃል። ፈቀደ አብሬያቸው እሄዳለሁ ይላል። ከልክዬዋለሁ፤ ከሄደ ስለ አንተ ይቅርታ ሲለምን ነው የሚውለው። ብቻህን ሂድ። መጀመሪያ እዚህ፣ ከዚያ ጅማ። የወታደር ልብስህን አውልቅ። በር ላይ ቆመህ አትናገር፤ ግባና ከእነሱ ዝቅ ብለህ ተቀመጥ። መጽሐፉን ተወው፣ ሽፋን አትበል፣ ዋና ኃይል አትበል።

ጨርሰህ ስትነግራቸው እሺ ይሉሃል። እሺ ሲሉህ ተነሥተህ እንዳትሄድ።

አክስትህ ተናኘ